የምትንሳፈፍ ዝንብ

ዝንቧ ሰመጠች።

ሻለቃ ካልዶኒ ጊዳቦ ወንዝ ዳር ቆሞ ረጅሙን ዘንግ ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ፊት ለቀቀው። ክሩ አየር ላይ ተዘርግቶ ሄደና አሰፋች ሁለት ቀን የለፋችባት ዝንብ ውሃው ላይ አረፈች። ሦስት እስኪቆጠር ቆየች። ከዚያ ላባዋ እንደ ራሰ ጨርቅ ተጣበቀና ወደ ታች ወረደች። ሻለቃው ስቦ አወጣት፣ አራገፋት፣ ደግሞ ወረወራት። ደግሞ ሰመጠች። በሦስተኛው ጊዜ ሦስት መቁጠርም አላስፈለገም።

ሻለቃው በጣልያንኛ ሁለት ቃል ተናገረ።

«ምን አለ?» አለች አሰፋች።

አስተርጓሚው ጓንጉል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «ዝንብ ባዝዛት ድንጋይ ሰፍታ አመጣችልኝ ነው የሚለው።»

«ሁለት ቃል ነው የተናገረው።»

«እሱ አሳጠረው፣ እኔ አስረዘምኩት። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለምን ይመስልሻል?»

አሰፋች ዝንቧን ከክሩ ጫፍ ፈትታ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። ስትሠራት እንደ አበባ ተዘርግቶ የነበረው ላባ መንጠቆው ላይ ተለጥፎ አይጥ መስሏል።

ጉዳዩ የጨዋታ አልነበረም። አሰፋች ዲላ ከተማ ውስጥ፣ በአክስቷ በእታገኝ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋለች። ጣልያን ከገባ ወዲህ የወታደር ልብስም ትጠግናለች። ሻለቃ ካልዶኒን ያወቀችው የኮቱን ክሳድ ስትቀይርለት ነው። ሰውዬው አሳ ማጥመድ ይወዳል፤ ይወዳል ማለት ያንሰዋል። በትል ማጥመድ ያሳፍረዋል። የሚያጠምደው ከላባና ከሐር ክር በተሠራ፣ ውስጡ መንጠቆ በተደበቀ ዝንብ ነው። ዝንቧ ውሃ ላይ ተንሳፍፋ ስትሄድ አሳው እውነተኛ መስላው ከታች ይመጣና ይውጣታል። ከአገሩ በቆርቆሮ ሳጥን ይዟቸው የመጣውን አርባ ዝንቦች ግን ብል በላቸው። አንድ ቀን ሳጥኑን ሲከፍት ያገኘው አርባ ባዶ መንጠቆና አንድ እፍኝ ዱቄት ነበር። ቅዳሜ ደግሞ እንደሱ አሳ የሚያሳብደው አለቃው፣ ኮሎኔሉ፣ ከጅማ ይመጣል። ሻለቃው ስለ ጊዳቦ ወንዝ በደብዳቤ ጉራውን ነዝቶ ጨርሷል።

የአሰፋች ወንድም ወንድይራድ፣ ጠመንጃ ቀብሯል ተብሎ ከታሰረ አራት ወሩ ነው። በይርጋ ጨፌ መንገድ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል። ሰኞ ጠዋት ሠላሳ እስረኞች በካሚዮን ተጭነው ወደ ሶማሌ በረሃ ይሄዳሉ። የእሱ ስም አሥራ አንደኛው ላይ ተጽፏል። ከዚህ በፊት ወደዚያ ከተጫኑት መካከል እስካሁን ዲላ ተመልሶ የታየ የለም።

ውሉ ይኸው ነው፦ ዝንቧ ተንሳፍፋ አሳ ካመጣች ሻለቃው የወንድይራድን ስም ይሰርዛል።

«ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮሎኔሉ ባለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላል» አለ ጓንጉል ዕቃ እየሰበሰበ። «ይህቺን ደግሞ በትክክል ነው የተረጎምኩት።»

አሰፋች ሰምታዋለች፤ ዓይኗ ግን ወንዙ ላይ ነበር። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ትልቁ ዋርካ ቅርንጫፉን ውሃው ላይ የጣለበት ቦታ፣ የበሰለ ፍሬ ጠብ ይላል፤ ጠብ ባለ ቁጥር ከሥሩ ቢልጫ ብቅ ብሎ ይውጠዋል። ክንድ የሚያክል፣ ጀርባው እንደ ናስ የሚያብረቀርቅ አሳ። አንዱ ዋጠ፣ ሌላው ዋጠ። ሻለቃው ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ ቦቲ ጫማውን ያስራል።

ሰውዬው ቦታውንም አያውቀውም ማለት ነው፣ አለች በሆዷ።

---

ካሚዮኑ ቤት ሲያደርሳት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል። አክስቷ እታገኝ ሱቁ በር ላይ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። የሁዳዴ ጾም አምስተኛ ሳምንት ነው፤ እታገኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ስለዚህ በዚህ ሰዓት የማንንም አመል አትችልም።

«ተንሳፈፈች?»

«ሰመጠች።»

«ወይ ማርያም! እኔ እኮ ብዬ ነበር፣ በጾም የዶሮ ላባ መንካት…»

«እቴቴ፣ መንካት እንጂ መብላት አይደለም። ላባው ነው ያስቸገረኝ። ሐሩንም ሰም ቀብቼዋለሁ፣ ቋጠሮውም ጠብቋል። መንጠቆውም ቀጭን ነው። የሚጠጣው ላባው ነው!»

አሰፋች በሰው ሥራ ላይ ትዕግሥት የላትም፤ በራሷ ሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በረንዳው ላይ ያለውን የስፌት መኪና ጎትታ ተቀመጠች። መንጠቆ የምታስርበትን ዘዴ ያገኘችው እዚሁ ላይ ነው። ጨርቅ የሚጫነውን የመኪናዋን እግር ታነሳና የመንጠቆውን ቆልማማ ጫፍ ከሥሩ አስገብታ ትጫነዋለች። መንጠቆው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሁለት እጇ ነጻ ይሆናል። ሻለቃው ራሱ ይህንን ሲያይ «ብራቫ!» ብሎ ነበር። ብራቫ ግን አታንሳፍፍም።

ሌላ ዝንብ ሠራች። ላባውን አበዛችው። ሳፋ ውስጥ ጣለቻት። ሰመጠች። ላባውን አሳሳችው። ሰመጠች። ሦስተኛዋን ስትጥል ተስፋም አልነበራት፤ እሷም ሰመጠች።

«እስቲ ላባውን የት እንዳገኘነው ልንገርሽ» አለች እታገኝ፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳይሆን ቀድማ እየተከላከለች። «ከራሴ ትራስ ነው። የገና ዶሮዎች ናቸው። እንደ እኔ ዶሮ የሚያጸዳ አለ? በፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ ነክሬ ነው የነጨሁት። ከዚያ በእንዶድ ሦስት ጊዜ አጥቤ ሳምንት ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ከዚህ የጸዳ ላባ ዲላ ውስጥ ካለ አምጪና አሳዪኝ!»

ይህን እያለች የዕቃ እጣቢውን ከበረንዳው ወደ ግቢው ደፋችው። ግቢው ውስጥ ለፋሲካ የምትቀልበው ቀይ አውራ ዶሮ ቆሞ ነበር። እጣቢው ከራሱ እስከ ጭራው አለበሰው። ዶሮው ተቆጥቶ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ አንገቱን ነሰነሰ፣ አለቀ። ደረቅ ነው። ውሃው በአንገቱ ላባ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ መሬት ወርዷል።

አሰፋች ተነሥታ ቆመች።

«እቴቴ፣ ድገሚው!»

«ምኑን?»

«ውሃ ድፊበት!»

«ምን አደረገኝ ብዬ ነው እንስሳውን…»

አሰፋች የውሃ ማሰሮውን አንሥታ ራሷ ደፋችበት። ዶሮው ጮኸ፣ ነሰነሰ፣ ደረቀ።

«አየሽ? ቅባት አለው! በተፈጥሮው ቅባት አለው! አንቺ በፈላ ውሃና በእንዶድ ጠርገሽ ያወጣሽው እሱን ነው። እኔ ደግሞ የታጠበ ይሻላል ብዬ የትራስ ላባ እጠመጥማለሁ! የምፈልገው ያልታጠበ ላባ ነው፣ ውሃ ያልነካው፣ ከአንገቱ የተነቀለ!»

«በሁዳዴ ዶሮ የሚያርድ የለም፤ ከየት ታመጫለሽ?»

አሰፋች ቀዩን አውራ ዶሮ አየችው። እታገኝም አየችው። ከዚያ ሁለቱ ተያዩ።

«አይሆንም» አለች እታገኝ። «አንገቱ የተላጠ ዶሮ ለፋሲካ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ወንድይራድ ሰኞ ይጫናል።»

እታገኝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። «አንቺ በዚያ በኩል ዙሪ። እኔ ከቆጥ ሥር እጠብቀዋለሁ።»

ዶሮው የዋዛ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ከእታገኝ እግር ሥር ሾለከ፣ አንድ ጊዜ ጥሏት አጥር ላይ ወጣ፣ የሽሮ ማሰሮ ገለበጠ። እታገኝ በመጨረሻ በነጠላዋ ጠቅልላ ስትይዘው ሁለቱም ሴቶች ላብ በላብ ሆነው እየሳቁ ነበር። አሰፋች የአንገቱን ላባ ለይታ፣ ረጅሙንና ጠንካራውን፣ አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር። ዶሮው ሰፈሩን አናወጠው።

ከአጥሩ በላይ የጎረቤታቸው የሀዲጃ ራስ ብቅ አለ።

«እታገኝ! ይኸን ያህል ካስቸገረሽ ጾሙን ፍቺው እንጂ ተደብቀሽ ዶሮ ታርጃለሽ?»

«ማን አረደ? እየላጨነው ነው!»

«ዶሮ ትላጫላችሁ?»

«ለጣልያን ዝንብ ልንሠራ ነው!»

ሀዲጃ ትንሽ አሰበች። «ጾም በዝቶባችኋል» አለችና ራሷን መለሰች። ወዲያው ግን ተመለሰች። «የእኔንም ጥቁሩን ከፈለጋችሁ ውሰዱና ላጩት፤ ለወንድይራድ ከሆነ ልጁ ሁሌም ገበያ ዕቃዬን ይሸከምልኝ ነበር።»

«ቀዩ ይበቃናል፣ እትዬ ሀዲጃ!» አለች አሰፋች። እጇ በላባ ሞልቷል።

አንድ ላባ ወስዳ በመኪናው እግር የተያዘው መንጠቆ ላይ ግንዱን አሰረችው። ጫፉን ይዛ በመንጠቆው ዙሪያ ጠመጠመችው። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ አምስት፤ በእያንዳንዱ ዙር የላባው ክሮች ወደ ውጭ ቀጥ ብለው ቆሙ። ይኸኛው እንደ ትራሱ ላባ አይተኛም። እንደ ብሩሽ ነው የሚቆመው። በቀይ ሐር ቋጨችው፣ ትርፉን ቆረጠችው፣ ወደ ሳፋው ጣለችው።

ዝንቧ ቆመች። ሰውነቷ ውሃውን አልነካም፤ በላባዋ ጫፎች ብቻ፣ ውሃ ላይ እንደምትሄድ ሸረሪት ቆመች። አሰፋች ከላይ በማንኪያ ውሃ አንጠባጠበችባት። ቆመች። በጣቷ ወደ ታች ደፈቀቻት። ተመልሳ ወጣችና ቆመች።

«እቴቴ!»

እታገኝ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች። «እሰይ» አለች በሹክሹክታ፣ ድምፅ ካሰማች የምትሰምጥ ይመስል።

አሰፋች አርብን ሙሉ ሠርታ ዝንቦቹን ከመጀመሪያዋ ጋር አምስት አደረሰች። አንድም አልሰመጠም።

---

ቅዳሜ ጠዋት ኮሎኔሉ ወንዙ ዳር ቆሞ ተገኘ። አጭርና ወፍራም፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ ሲስቅ ሆዱ አብሮ የሚስቅ ሰው ነው። ሻለቃው በአክብሮት ዘንጉን አቀበለው። አሰፋች ሁለት ዝንብ ሰጠች። ሦስቱን በክብሪት ሳጥን አድርጋ ደረቷ ውስጥ ከትታለች።

ሻለቃው ሐሙስ የቆመበትን ቦታ ለኮሎኔሉ አሳየው።

«እዚያ አይደለም» አለች አሰፋች። «ጋሽ ጓንጉል፣ ዋርካው ሥር በለው። ፍሬ የሚወድቅበት።»

«ኮሎኔልን ቦታ ላሳይ ነው የምትይኝ፣ እመቤት ዝንብ?»

«ካላሳየኸው አንተም ባዶህን ትመለሳለህ። ለጾም የሚሆን አሳ አልፈለግህም?»

ጓንጉል ጉሮሮውን ጠርጎ ተረጎመ። ኮሎኔሉ ዞር ብሎ አያት፤ ወደ ዋርካው አየ። አንድ ፍሬ ጠብ አለ። ውሃው ላይ ክብ ተሠራ። ኮሎኔሉ ምንም ሳይናገር ሃያ እርምጃ ሄደ።

ክሩ ተዘረጋ። ዝንቧ ቅርንጫፉ ሥር ወደቀችና ቆመች። አሰፋች መቁጠር ጀመረች። ሦስት። አምስት። ዝንቧ ቆማ በውሃው ፍጥነት ወደ ታች ትንሳፈፋለች፤ የፀሐይዋ ብርሃን በቀዩ ላባ ውስጥ ያልፋል። ሰባት። ስምንት። ከሥሯ የናስ ቀለም ያለው ነገር ተገላበጠ፣ ትቷት ሄደ። አሥር።

ውሃው ተከፈተ።

ምንም ሌላ ቃል የለውም፤ ውሃው እንደ አፍ ተከፈተና ዝንቧ የለችም። ዘንጉ ቀስት ሆነ። ክሩ ዘንጉ ላይ ከተጠመጠመበት መዘውር እየጮኸ ይተረተር ጀመር። ኮሎኔሉ ጮኸ፣ ሻለቃው ጮኸ፣ ጠባቂ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ጥለው ሮጡ። ቢልጫው ወደ ታች ሮጠ፣ ዞረ፣ ወደ ላይ መጣ፣ ወደ ዋርካው ሥር ሊገባ ፈለገ።

«ሥሩ ውስጥ አታስገባው! ሥሩ ውስጥ ከገባ ይበጥሰዋል!» አሰፋች ትጮኻለች። በአማርኛ ነው የምትጮኸው፣ ማንም አይሰማትም፣ ግን ትጮኻለች። ለማን እንደምትጮህ ማሰብም አልፈለገችም። አሳው መውጣት አለበት፤ በቃ።

ጓንጉል ሳይታሰብ ከነጫማው ውሃ ውስጥ ገባ። እስከ ወገቡ ጠልቆ በዋርካው ሥርና በአሳው መካከል ቆመና ውሃውን በእጁ ይደበድብ ጀመር። ቢልጫው ደንግጦ ተመለሰ። ኮሎኔሉ ወደ ኋላ እየተራመደ ጎተተ፣ ለቀቀ፣ ጎተተ። ጓንጉል አሳውን በሁለት እጁ ጆሮ ግንዱ ሥር ይዞ፣ አቅፎት፣ ዳር ላይ ወደቀ።

«ወጣ!» አለ ጓንጉል ጭቃ ውስጥ ተዘርግቶ። «ወጣ፣ አሰፋች! ከልጄ ይከብዳል!»

አሰፋች ሳታውቀው እንባ በሚመስል ነገር ዓይኗ ረጥቧል። በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ዝንቧ በአሳው ከንፈር ላይ፣ ቀይ ሐሯ ሳይነካ፣ ተሰክታ ትታያለች።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ኮሎኔሉ ስድስት ቢልጫ አወጣ። የመጀመሪያዋን ዝንብ አራተኛው አሳ በታተናት፤ ሁለተኛዋ ዋርካው ላይ ተሰቅላ ቀረች። ኮሎኔሉ እሷንም ለማስወረድ አንድ ወታደር ዛፍ ላይ ልኮ ነበር፤ ወታደሩ ቅርንጫፍ ሰብሮ ወረደ፣ ዝንቧ አልወረደችም። ነገ ጠዋት ተመልሼ እመጣለሁ አለ፣ ይህንን ጓንጉል መተርጎምም አላስፈለገውም። አሰፋች ከኮሎኔሉ ፊት ተረድታዋለች።

---

የሻለቃው ቢሮ ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ባለቆርቆሮ ቤት ነው። ኮሎኔሉ በረንዳው ላይ አሳዎቹን አስደርድሮ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሳቁ በመስኮት ይገባል። ሻለቃው ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ጓንጉል እስከ ወገቡ እንደረጠበ ጥግ ላይ ቆሟል።

«የወንድሜን ወረቀት» አለች አሰፋች።

ሻለቃው ፈገግ ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ጓንጉል ሲሰማ ፊቱ ተቀያየረ። ሲተረጉም ቀልድ አልጨመረበትም።

«በጣም ተደስቷል። ኮሎኔሉም ተደስቷል። አሥራ ሁለት ዝንብ ጨምረሽ እንድትሠሪለት ይፈልጋል። አሥራ ሁለቱን ስታመጪ ስለ ወንድምሽ ያስብበታል።»

«ያስብበታል?»

«ይሰርዘዋል አላለም። ያስብበታል ነው ያለው።»

«ካሚዮኑ ሰኞ ነው የሚነሣው።»

«እሱንም ያውቃል።»

አሰፋች ከደረቷ ውስጥ የክብሪት ሳጥኑን አወጣች። ከፈተችውና ጠረጴዛው ላይ፣ ራሷ አጠገብ አስቀመጠችው። ሦስቱ ዝንቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሻለቃው እጁን ዘረጋ። አሰፋች ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበችና አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የስፌት መቀስ ያዘች። አንዷን ዝንብ አንሥታ ዙሪያዋን ላባዋን ቆረጠች። ቀዩ ላባ በሻለቃው ወረቀቶች ላይ ተበተነ። እጇ ላይ የቀረው ባዶ መንጠቆ ነው።

ሻለቃው ከወንበሩ ተነሣ።

«አሰፋች፣ አበድሽ እንዴ?» አለ ጓንጉል።

«ሁለት ቀሩ በለው። ሌላ የለኝም። ነገ ጠዋት ኮሎኔሉ ወንዝ ሲወርድ በምን እንደሚያጠምድ ጠይቅልኝ።»

ጓንጉል ተረጎመ። ሻለቃው ጮኸ፤ ጠረጴዛውን መታ።

«ያስርሻል። ከወንድምሽ ጋር አንድ ካሚዮን ላይ ይጭንሻል ይላል።»

«ይጫነኝ። ኮሎኔሉን ማን ያጠግብለታል?»

ሁለተኛዋን ዝንብ አነሣች። መቀሱ ተከፈተ። በዚያው ቅጽበት ኮሎኔሉ ከበረንዳው ተጣራ፤ ንግግሩ ውስጥ «ሞስካ» የምትል ቃል ተሰማች፤ ዝንብ ማለት ነው፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ አሰፋች ከጣልያንኛ ጥርት አድርጋ የለየቻት ቃል ናት። ሻለቃው ወደ መስኮቱ ዞሮ እየሳቀ መለሰለት። ወደ አሰፋች ሲዞር ግን ሳቁ የለም።

አሰፋች ቆረጠች። ላባው ረገፈ።

«አንድ» አለች።

እጇ ላባ ሲጠመጥም እንደሚረጋው ረግቷል። የመጨረሻዋን አነሣችና መቀሱን ከፍታ ያዘች።

ሻለቃው ተቀመጠ። መሳቢያውን ከፍቶ የስም ዝርዝር አወጣ፣ አሥራ አንደኛውን ስም በቀይ ቀለም ሰረዘ። ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ ስሙ መሰረዙን በአራት መስመር ጽፎ ወደ እሷ ገፋው።

አሰፋች መቀሱን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ አየች። ሚሲዮን ቤት ሦስት ዓመት የተማረችው የፈረንጅ ፊደሉን ለማንበብ ይበቃታል። የወንድይራድን ስም ፈለገች፣ አገኘችው፤ የአባቱንም ስም አገኘችው።

«ማኅተም የለውም» አለች።

ጓንጉል ሳይተረጉም ሻለቃው ገባው። ማኅተሙን አንሥቶ በኃይል መታው። ቀለም ጠረጴዛው ላይ ተረጨ።

አሰፋች ወረቀቱን እፍ ብላ አደረቀችው፣ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። የመጨረሻዋን ዝንብ ጠረጴዛው ላይ፣ የተበተነው ላባ መካከል አስቀመጠቻት። ቀይ ሆና፣ ሙሉ ሆና፣ በላባዋ ጫፎች ቆመች።

ሻለቃው ዝንቧን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛትና መናገር ጀመረ፤ በቁጣ ሳይሆን በለዘበ ድምፅ።

«ይህቺ አንድ ብቻ ናት፣ ለነገ አትበቃም ይላል» አለ ጓንጉል። «እባክሽ ነገ ጠዋት ሌላ…»

«ነገ እሑድ ነው፤ አልሰፋም።»

ሻለቃው አሁንም እየተናገረ ነበር። አሰፋች ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።